ዓሣም ደባል ይመርጣል

ከገንዳው ዳር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። «ይሄ ዓሣ ከዚያኛው ጋር ይስማማል ወይ?» ነው ነገሩ። ለአዳዲስ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። በወጣትነቴ ምፅዋ ባሕር ኃይል ነበርኩ። አሁን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቤዝመንቴ ውስጥ 120 ጋሎን የጨው ውኃ አኳሪየም አለኝ። ባለቤቴ «ጣውንቴ» ትለዋለች። ጉልበቴ ካስቸገረኝ ወዲህ ባሕር የማየው እሱ ውስጥ ነው።

ወደ ደብዳቤዎቹ እንሂድ።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤቴ ወደ ቴክሳስ ከሚዛወር ጎረቤታችን 40 ጋሎን አኳሪየም ከነድንጋዩና ከነመብራቱ ገዛ። የጨው ውኃ ከሞላነው ሁለት ወር ሆነው። ውኃውን አስመርምረን ጥሩ ነው ተብለናል። እስካሁን ውስጡ ያሉት ሁለት ትንንሽ ኮራሎችና ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ብቻ ናቸው። ልጆቼ የ6 እና የ9 ዓመት ናቸው። በካርቱን ያዩትን ብርቱካናማውንና ሰማያዊውን ካላመጣሽ ብለው ቁም ስቅሌን አሳይተውኛል። ሱቅ ስሄድ ሻጩ ይህን ጻፈልኝ፦ ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ሰማያዊ ታንግ፣ አንድ ቢጫ ታንግ፣ አምስት አረንጓዴ ክሮሚስ፣ አንድ ሲክስላይን ራስ፣ አንድ ማንዳሪን። ‹ሁሉም ሪፍ ሴፍ ናቸው› አለኝ። ልግዛቸው?»
የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ አትግዢ። ቢያንስ ዝርዝሩን እንዳለ አትግዢ።

«ሪፍ ሴፍ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ዓሣው ኮራልሽን አይበላም ማለት ብቻ ነው። እርስ በርስ አይባሉም ማለት አይደለም። ገንዳሽ ይበቃቸዋል ማለትም አይደለም። ሻጩ አልዋሸሽም። ያልጠየቅሽውን አልመለሰልሽም፣ በቃ።

አዲስ አበባ ደባል ይዘሽ ኖረሽ ታውቂያለሽ? እኔ ኖሬያለሁ። አንዲት ክፍል ለሁለት ተከራይተን። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር የሰውዬው ደግነት ብቻውን አይበቃም። ሻንጣው ስንት ነው? ሌሊት ያመሻል ወይ? ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀድሞ የገባው ማነው? ቀድሞ የገባ አልጋውን በመስኮቱ በኩል ያደርጋል፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ዓሣም እንደዚሁ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን እንይ። 40 ጋሎን ማለት 150 ሊትር ገደማ ነው። ድንጋዩና አሸዋው የራሳቸውን ሲወስዱ የሚተርፈው ውኃ ከዚያ ያንሳል። የዚህ ዓይነቱ ገንዳ ርዝመት ብዙ ጊዜ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ሰማያዊው ታንግ ሱቅ ውስጥ አውራ ጣትሽን ያህላል። ሲያድግ ግን እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የገንዳሽን ሲሶ ማለት ነው! ባሕር ላይ ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ የሚውል ዓሣ ነው። በሦስት ክንድ የማትሞላ ሳጥን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ማየት እስር ቤት ግቢ የሚንቆራጠጥ ሰው እንደማየት ነው። ታንግ ሲጨነቅ ደግሞ ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ቶሎ ይይዘዋል። ሰማያዊው በዚህ በሽታ የታወቀ ነው። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 ይህን ዓሣ ለመጀመሪያ ጊዜ በገንዳ ማራባት ችለዋል። ትልቅ ነገር ነው። ገንዳ የተወለደውም ቢሆን ግን ማደጉን አይተውም።

ቢጫው ታንግ ትንሽ ይሻላል። ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ነው የሚያድገው። እሱም ግን ቢያንስ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ገንዳ ይፈልጋል። «ሲያድጉ ትልቅ ገንዳ እንገዛለን» እንዳትዪኝ። እኔም ብዬ ነበር። የገዛሁት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ክሮሚሶቹ ሱቅ ውስጥ ተሰልፈው ሲዋኙ ያምራሉ። ትልቅ ባሕር ላይ በመቶ ሆነው ነው የሚኖሩት፤ እዚያ ጥል ቢነሳ ለሁሉም ይከፋፈላል። አምስት ብቻ ሲሆኑ ግን ኃይለኛው ደካማውን ለይቶ ያሳድዳል። እሱ ሲሞት ወደሚቀጥለው ያልፋል። በየወሩ ለአንዱ እንደ ዕቁብ ይደርሰዋል። መጨረሻ ላይ የሚቀርሽ አንድ የጠገበ ክሮሚስ ነው።

ሲክስላይን ራስ የሚባለው በአማርኛ ሲጻፍ የማዕረግ ስም ይመስላል። ጠባዩም እንደዚያው ነው። ትንሽ ናት፣ ቀለሟ ያስጎመጃል፣ ድንጋይ ላይ ጥቃቅን ተባይ ትለቅማለች። መጀመሪያ ላይ ጨዋ ናት። እየቆየች ስትሄድ ግን አገሩ ሁሉ የሷ ይሆናል። ከሷ በኋላ የገባ ዓሣ መከራውን ያያል። በትንሽ ገንዳ ውስጥ አልመክርም።

ማንዳሪን ከሁሉም ያሳዝነኛል። ልጆችሽ ሲያዩት ይጮሃሉ። ቀሚስ ላይ የተጠለፈ ጥለት እንጂ ዓሣ አይመስልም። ከማንም አይጣላም። ችግሩ ሆዱ ነው። የሚበላው ኮፔፖድ የሚባሉትን በዓይን እንደምንም የሚታዩ ነፍሳት ነው። ድንጋይ ለድንጋይ እየዞረ ሲለቅም ይውላል። የሁለት ወር ገንዳ እሱን የሚቀልብ ኮፔፖድ የለውም። ሌላ ምግብ ብትሰጪው አብዛኛውን ጊዜ ዞር ብሎም አያየው። ከዚያ ሆዱ እየተጣበቀ፣ እየተጣበቀ ይሄዳል። ዓመት የሞላው፣ ድንጋይ የበዛበት ትልቅ ገንዳ ሲኖርሽ ያኔ እናወራለን።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ያነበብኩ እንዳይመስልሽ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1998 የመጀመሪያ አኳሪየሜን ገዛሁ። 55 ጋሎን ነበር። ያኔ የምኖረው አንድ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ ልማድ አዲስ ውኃ ውስጥ ርካሽና ጠንካራ ዓሣ ከትቶ ገንዳውን ማስጀመር ነበር። ዓሣው ሲጸዳዳ አሞኒያ ይፈጠራል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ይራባሉ። ዛሬ ይህን ያለ ዓሣ፣ ጠርሙስ ውስጥ በሚሸጥ አሞኒያ መሥራት ይቻላል። ያኔ ግን ሻጩ ሦስት ዶሚኖ ዳምሰል ቀድቶ በላስቲክ ሰጠኝ። ጥቁር ናቸው፤ ሦስት ሦስት ነጭ ነጥብ አላቸው። ሳያቸው እንባዬ መጣ። ዳህላክ ደሴቶች አካባቢ ስንዋኝ ልክ እንደነሱ ያሉ ግልገሎች አኔመኒ የሚባል አበባ የመሰለ ትልቅ የባሕር እንስሳ ላይ ከክላውንፊሽ ጋር ሲጫወቱ አይቼ ነበር። የአገሬን ልጆች አገኘሁ ብዬ ይዤያቸው ገባሁ።

በሁለተኛው ወር አንዱ ሁለቱን ገደለ። ገዳዩ አደገ። መዳፌን አከለ። መስታወቱን ላጽዳ ብዬ እጄን ስከት ይነክሰኛል። አያደማም፤ ግን ያስደነግጣል። ሁለት ክላውንፊሽ አስገባሁ። በሦስተኛው ቀን ክንፋቸው ተቦጫጭቆ የገንዳው ጥግ ላይ ተለጥፈው አገኘኋቸው። ልመልሰው ብዬ በመረብ ሳሳድደው ድንጋይ ሥር ይገባል። አንድ እሑድ ድንጋዩን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ባልዲ አወጣሁ። ውኃውን እስከ ግማሽ ቀዳሁ። አራት ሰዓት ፈጅቶብኝ ያዝኩት። ምንጣፉ ጨቀየ። የታችኛው ጎረቤቴ ኮርኒሱ ሲያንጠባጥብ በሩን ደበደበ። ያቺን ቀን ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳታለች።

ስለዚህ ዓሣ ስትገዢ «ይሄን ማውጣት ቢያስፈልገኝ እንዴት አወጣዋለሁ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። መልሱ ሁሌም «ድንጋዩን በሙሉ በማንሳት» ነው።

እንግዲህ እኔ ብሆን ምን አስገባለሁ? መጀመሪያ ዎችማን ጎቢ የሚባለውን ቢጫ ዓሣ ከነሽሪምፑ። ይህን ጥንድ ሳወራ አልጠግብም፤ ታገሺኝ። ፒስቶል ሽሪምፕ ዓይኑ ደካማ ነው፤ ጉድጓድ ሲቆፍር ግን ግሬደር ነው። ጎቢው መቆፈር አይችልም፤ ዓይኑ ግን ስል ነው። ሁለቱ አንድ ጉድጓድ ይጋራሉ። ሽሪምፑ አሸዋ እየገፋ ሲወጣ አንዱን አንቴናውን ጎቢው ጅራት ላይ ያሳርፋል። አደጋ ሲመጣ ጎቢው ጅራቱን ያርገፈግፋል። ሽሪምፑ ወዲያው ወደ ጉድጓዱ። ዘበኛና ቆፋሪ ናቸው። ቀይ ባሕርም ውስጥ እንዲህ የሚኖሩ ዘመዶች አሏቸው፤ ዳህላክ አሸዋ ላይ በሆዴ ተኝቼ አይቻቸዋለሁ። ሌሊት ገንዳው «ጧ!» ቢል አትደንግጪ። መስታወቱ አልተሰነጠቀም። ሽሪምፑ ጥፍሩን ሲያስጮኸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የዘመዶቹ ጩኸት ሰርጓጅ መርከብ የሚያዳምጡትን መሣሪያዎች ሲያውክ ነበር።

ከጎቢው ጋር አንድ ቴይልስፖት ብሌኒ ጨምሪበት። ጣት የሚያህል፣ አልጌ የሚግጥ፣ ከድንጋይ ቀዳዳ ፊቱን ብቻ አውጥቶ ሰው የሚታዘብ ዓሣ ነው። ልጆችሽ ከሁሉም እሱን ይወዱታል ብዬ እወራረዳለሁ።

ከአንድ ወር በኋላ ክላውንፊሾቹን አስገቢ። ኦሴላሪስ የሚባለውን ዓይነት፣ ገንዳ ውስጥ የተፈለፈሉትን ጠይቂ። የተዘጋጀ ምግብ ለምደው ነው የሚመጡት። አንዱ ተለቅ፣ አንዱ አነስ ያለ ይሁን፤ እኩል ከሆኑ ይጣላሉ። አኔመኒ ካልገዛሽ ይሞታሉ የሚል ሰው ካለ አትስሚው። ያለሱም ይኖራሉ። አኔመኒ ራሱ ለአዲስ ገንዳ አይሆንም። ከቀይ ባሕር የሚመጣውን ባለ ሁለት መስመር ክላውንፊሽ ለእኔ ተዪልኝ። ዘመዴ ነው ግን እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፣ ጉልበተኛም ነው።

መጨረሻ ላይ ሰማያዊው። ዳምሰል ጠላሁ ብዬ ስምል ኖሬ ይህን መጻፌ ይገርመኛል። የሎውቴይል ዳምሰል የሚባል አለ። ሰውነቱ ሰማያዊ፣ ጅራቱ ቢጫ። ልጆችሽ በካርቱን ያዩትን ሰማያዊ ዓሣ ቀለም ይዟል። ሰባት ሳንቲ ሜትር ሲሆን ያበቃል። ከዳምሰሎች ሁሉ ገራም ከሚባሉት ነው። ቢሆንም ደም ደም ነውና አንድ ብቻ ግዢ፤ የመጨረሻውም ይሁን። ኃይለኛ ዓሣ መጨረሻ የሚገባው ለዚህ ነው፤ ሲመጣ ሌሎቹ አልጋቸውን ዘርግተው ያገኛቸዋል። በዚህ አምስት ዓሣ ሆነ። ከዚያ በላይ አትጨምሪ። ትንሽ ነው የሚል ጎረቤት ቢመጣ ውኃውን እየለወጠ ያግዝሽ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ለገንዳው የመረብ ክዳን ግዢለት። ጎቢ ይዘላል። እኔ ፋየርፊሽ የሚባል ውብ ዓሣ ነበረኝ። አንድ ቀን ጠፋ። ከሳምንት በኋላ ባለቤቴ ሶፋ ሥር ስትጠርግ እንደ ቋንጣ ደርቆ አገኘችው። ሁለተኛ፣ ለይቶ ማቆያ አዘጋጂ። በኮሮና ጊዜ ተለማምደነው የለ? 10 ጋሎን ባዶ ገንዳ፣ ማሞቂያና ማጣሪያ ይበቃል። አዲስ ዓሣ እዚያ አራት ሳምንት ይክረም። ሰውነቱ ላይ ጨው የተነሰነሰበት ከመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ያዘው ማለት ነው። መድኃኒቱ መዳብ ነው። መዳብ ግን ሽሪምፕሽን፣ ቀንድ አውጣሽንና ኮራልሽን ይፈጃል። ስለዚህ እዚያው ማቆያው ውስጥ እንጂ ትልቁ ገንዳ ውስጥ ጠብታ እንዳትጨምሪ። በሽታው ትልቁ ገንዳ ከገባ ዓሣውን ሁሉ አውጥቶ ገንዳውን ሁለት ወር ተኩል ያለ ዓሣ ማቆየት ነው። ያን ጊዜ ልጆችሽን ምን እንደምትያቸው አላውቅም።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነው? ዱባይ ነው የምሠራው። ርዝመቱ 150 ሳንቲ ሜትር፣ 450 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አለኝ። ውስጡ ሁለት ዓመት የቆየ ቢጫ ታንግና ሁለት ክላውንፊሽ አሉ። አሁን ሶሃል ታንግ መጨመር አማረኝ፤ የቀይ ባሕር ዓሣ ነው ሲሉኝ ልቤ ሄደ። ካልሆነ ደግሞ ፐርፕል ታንግ። ምን ይላሉ?»
የባሕሩ ናፋቂ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልብህ የሄደበት ገብቶኛል። የእኔም ሄዶ ነበር። ሶሃልን ዳህላክ ሪፍ ጫፍ ላይ፣ ማዕበሉ በሚሰበርበት ቦታ አይቼዋለሁ። ሰማያዊና ነጭ መስመሮቹ በእስክሪብቶ የተሰመሩ ይመስላሉ። እያንዳንዱ የራሱ ግጦሽ አለው። ሌላ ሲመጣ ኬላ እንደሚጠብቅ ፖሊስ እየሮጠ ይወጣል። ሰውም ስትሆን አይፈራህም። ጅራቱ ሥር ብርቱካናማ ምልክት ታያለህ። እዚያ ላይ ምላጭ አለ። ቀልድ አይደለም፤ እውነተኛ ስለት ነው። ታንግ ሁሉ አለው፤ ሶሃል ግን መጠቀም ያውቅበታል።

40 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። በ150 ሳንቲ ሜትር ገንዳ ውስጥ ግጦሹ የአንተ ገንዳ ሙሉው ይሆናል። ቢጫውን ይገድለዋል። ተወው። ይህ ዓሣ ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነ ገንዳ፣ ያውም ከሁሉም መጨረሻ የሚገባ ነው።

ፐርፕል ታንግ ሌላ ጣጣ አለው። ከቢጫው ጋር የአንድ ወገን ልጆች ናቸው፤ ቅርፃቸው አንድ ነው። ዓሣ የሚጠላው የሚመስለውን ነው። ተመሳሳይ ቅርፅ ማለት ተመሳሳይ ምግብ፣ ተመሳሳይ ቦታ ማለት ነውና። ቢጫው ደግሞ የሁለት ዓመት ባለ ርስት ነው። አብረው ያኖሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ ግን ሁለቱን በአንድ ቀን ነው ያስገቡት። አንተ ያ ዕድል አልፎሃል።

እኔ ብሆን ኮሌ ታንግ እገዛለሁ። ዓይኑ ዙሪያ ቢጫ ቀለበት አለው። ከንፈሩ እንደ ብሩሽ ነው፤ ድንጋይና መስታወት ላይ ያለውን ስስ አልጌ ይጠርጋል። ቅርፁ ከቢጫው ስለሚለይ ጥሉ ይቀላል። ሁለት ዘዴ ልንገርህ። አዲሱን መጀመሪያ ገንዳው ውስጥ በሚንጠለጠል ባለ ቀዳዳ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አምስት ስድስት ቀን አቆየው። ይተያያሉ፣ ግን አይነካኩም። ስትለቀው ደግሞ ከመስታወቱ ውጪ በሌላው ጫፍ መስታወት አስደግፍ፤ የመልክ ማያውን ማለቴ ነው። ቢጫው የራሱን መልክ ጠላት መስሎት እሱን ሲደበድብ ይውላል። አዲሱ በዚያ መሐል መደበቂያውን ያገኛል። እኔ የተጠቀምኩት የባለቤቴን የመኳኳያ መስታወት ነው። እንዳትነግራት።

ሱሺ የሚጠቀለልበትን የባሕር ቅጠል በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያየ ቦታ ስቀልላቸው። ማጣፈጫ የሌለበትን ግዛ። የጠገበ ታንግ ይታገሣል።

ጥያቄ፦ «ሻሎም ጋሼ። ከውትድርና ከወጣሁ በኋላ ኤይላት ዳይቪንግ ጀምሬያለሁ። ድንጋይ ሥር ሙሉ በሙሉ ሐምራዊ የሆነ፣ ጣት የሚያህል ዓሣ አየሁ። 30 ጋሎን ገንዳ አለኝ፤ ሁለት ክላውንፊሽ ይኖሩበታል። አንዱን ይዤ ብመጣ ይስማማቸዋል?»
ወጣት አንባቢ፣ ነታንያ፣ እስራኤል

መልስ፦ ልጄ፣ ያየኸው ኦርኪድ ዶቲባክ ነው። ከቀይ ባሕር ውጪ በተፈጥሮ የትም የለም። የሳይንስ ስሙ ፕሲውዶክሮሚስ ፍሪድማኒ ይባላል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1968 ስሙ ሲወጣለት የኤይላቱ ዴቪድ ፍሪድማን መታሰቢያ እንዲሆን ነው። እንግዲህ በእናንተ አገር ሰው ስም የሚጠራ ዓሣ ነው ያየኸው።

ይዘኸው አትምጣ። የኮራል ጥበቃ ቦታው ላይ ከውኃ ውስጥ አንዳች ነገር ማውጣት ሕግ ያስቀጣል። ደግሞስ ለምን? ይህ ዓሣ ገንዳ ውስጥ በደንብ ይራባል። እዚያ የተወለደውን መግዛት ይቻላል። የቀይ ባሕር ውኃ ጨውነት ኤይላት ላይ በሺህ 40 ገደማ ነው፤ የአብዛኞቻችን ገንዳ 35 ነው። የተራባው ያንተኑ የመሰለ ውኃ ለምዶ ነው የሚመጣልህ።

ከክላውንፊሽ ጋር? አዎ፣ ይስማማል። የዶቲባክ ወገን በጥቅሉ ክፉ ነው፤ ይሄኛው ግን ከወገኖቹ ተለይቶ ልከኛ ነው። ዋሻ ያለው ድንጋይ ስጠው። አንድ ብቻ አስገባ። ጥቃቅን ሽሪምፕ ካለህ ሊበላቸው ይችላል። ሮያል ግራማ የሚባለውን ዓሣ አብረህ እንዳታስገባ፤ ሁለቱም ዋሻ ፈላጊ ናቸው፤ በአንድ ዋሻ ይጣላሉ።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ነኝ። የጨው ውኃ አኳሪየም እዚህ ይቻላል? በአፍዴራ ጨው ብጀምርስ?»

መልስ፦ በአፍዴራ ጨው ወጥ ሥራበት። የገበታ ጨው ማለት በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የባሕር ውኃ ውስጥ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ሌላም አለ። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየሙ ነው። ለአኳሪየም ተብሎ የተቀመመ ጨው ያስፈልግሃል። በሊትር 35 ግራም ገደማ ነው። ለ200 ሊትር 7 ኪሎ ማለት ነው፤ ውኃ በለወጥክ ቁጥር ደግሞ እንደገና።

ከዓሣ ምርጫ በፊት የሚያሳስበኝ ግን አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም፤ እሷም ከፍታ ላይ ናት። የጨው ውኃ ደግሞ ድሮውንም ከጨው አልባው ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ዓሣ ያጨናነቀ ሰው ጠዋት ሲነሳ ሁሉንም ተንጋለው ያገኛቸዋል። ስለዚህ ለሲልቨር ስፕሪንጓ እህታችን አምስት ያልኩትን አንተ ሦስት አድርገው። ኦሴላሪስ ሁለት፣ ጎቢ አንድ። ታንግ ብዙ ኦክስጅን ስለሚፈልግ እርሳው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከዓሣው በፊት ግዛ። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ማሞቂያም ያስፈልግሃል፤ ውኃው 25 ዲግሪ ላይ ይቆይ።

ጥያቄ፦ «ሁለት ክላውንፊሽ አለን። አንዱን አቤል፣ ሌላውን ሄለን ልል ነው። የቱ ወንድ ነው?»
የ8 ዓመት ልጅ፣ አሌክሳንድሪያ

መልስ፦ የኔ ጌታ፣ ትልቋ ሄለን ናት፤ ትንሹ አቤል። ክላውንፊሽ ሁሉ ሲወለዱ ወንድ ናቸው። ከጥንዱ ውስጥ ትልቁና ኃይለኛው ወደ ሴት ይለወጣል። ሄለን አንድ ቀን ብትሞት አቤል ሴት ይሆናል። ስሙን ገንዳው ላይ የምትጽፍ ከሆነ በእርሳስ ጻፈው።